የዘፈን መከለሻ

እስቲ ስሙኝ! ባለፉት ስምንት ወራት ያገኘሁትን ነገር ለሚስቴ ነግሬ ጨርሻለሁ፤ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ነግሬ ነግሬ በሻይ ሰዓት ወንበር የሚስብልኝ ጠፍቷል፤ ከታች ፎቅ ላሉት እትዬ አውርቼላቸው «ልጄ፣ ለመሆኑ እንቅልፍ ትተኛለህ?» ብለውኛል። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ነገሩ ማስተሪንግ ይባላል። ሰው ይህን የመሰለ ነገር በዓለም ላይ እያለ እንዴት ዝም ብሎ ሥራ እንደሚሄድ አሁንም አይገባኝም።

ቃሉን ታውቁታላችሁ። አዲስ ዘፈን ሲለቀቅ ከሥሩ የሚደረደረው ዝርዝር ላይ አለ፦ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ሚክሲንግ እገሌ፣ ከዚያ ማንም የማያነበው ጠርዝ ላይ ማስተሪንግ እገሌ። እኔ ለዓመታት ይህን መስመር የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ «ከነቤተሰብዎ» እንደሚለው ለወግ የሚገባ ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ዘፈኑ ተቀድቷል፣ ተቀናብሯል፣ የመሣሪያዎቹ ድምፅ ተመጣጥኗል። ታዲያ ይህ ሰውዬ ሁሉ ካለቀ በኋላ ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?

መከለሻ ሊያገባ ነዋ! ሽንኩርቱ በስሎ፣ በርበሬው ተቁላልቶ፣ ሥጋው ለስልሶ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል እናቴ ከትንሿ ጠርሙስ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ የምትበትናት ነገር አለች አይደል? እሷ ናት። ሚክስ የሚያደርገው ሰው ክራሩን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ድምፃዊቷን ለብቻ ይዞ ያበስላል። ማስተሪንግ ላይ ግን የሚሰጣችሁ አንድ ያለቀ ፋይል ነው፤ ግራና ቀኝ፣ በቃ። ክራሩን ብቻ ልንካ ብትሉ አይሆንም፤ የክራሩ የጥፍር ድምፅ ባለበት ከፍታ ላይ የዘፋኟም «ሰ» እና «ሸ» ተቀምጠዋልና አብረው ይነካሉ። ስለዚህ በማንኪያ የሚጨምር ሰው ሥራ አይደለም፤ የቆንጠር ሥራ ነው። እናቴ «መከለሻ ገብቶ ከታወቀ በዝቷል» ትላለች። ይህን ስትል ስለ ሙዚቃ የምታወራ አይመስላትም።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁና እንቀጥል። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የሰው ደረሰኝ ሳስታርቅ እውላለሁ፤ ማታ ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ልጅ ሲመጣ የልጅ ትሆናለች በተባለች ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ ሙዚቃ እቀዳለሁ። ያለኝ አንድ ማይክ፣ ሁለት መስመር የሚቀበል ሳውንድ ካርድ፣ ሄድፎን፣ ጥንድ ትንንሽ ስፒከርና ክዳኑ የላላ ላፕቶፕ ነው። የምሠራበት ፕሮግራም ሪፐር ይባላል፤ ድሮ ዊንአምፕን የሠራልን ጀስቲን ፍራንክል የሠራው ነው፤ 60 ቀን በነፃ አስሞክሮ ለእንደኔ ዓይነቱ 60 ዶላር ይጠይቃል። ክራር የሚጫወት ጓደኛ አለኝ። ሌላ ሀብት የለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በውርደት ነው። ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ ጋቢና ተቀምጬ፣ አዲስ የጨረስነውን ዘፈን በፍላሽ ይዤ፣ ሾፌሩን «ወንድሜ፣ እስቲ እቺን ሞክርልኝ» አልኩት። ደግ ሰው ነበር፤ ሰካት። ከእኔ በፊት ሲጫወት የነበረው ዘፈን ታክሲዋን ከጣሪያ እስከ ወለል ሞልቷት ነበር። የእኔ ሲጀምር አንድ ሰው መስኮት የከፈተ ይመስል ድምፁ ሁሉ ወጥቶ ሄደ። ክራሩ ቆርቆሮ፣ ከበሮው ካርቶን፣ ቤዙ ጭራሽ የለም። ረዳቱ ከኋላ «ሾፌር፣ ቴፑ ተበላሸ እንዴ?» አለ። ቴፑ ሳይሆን እኔ ነኝ ማለት ይገባኝ ነበር። «ወራጅ አለ» ብዬ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

ያን ሌሊት ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አስጮህኩት። ሊሚተር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ለድምፅ ጣሪያ ያበጅለታል። ከሥር እየገፋችሁ ስትመጡ ጣሪያውን የሚነካው ጫፍ እየተደፈጠጠ፣ ደካማው ድምፅ እየተነሳ፣ ሁሉም እኩል ይሆናል። ገፋሁት። በላዩ ኢኮላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያነሳና የሚጥል)፣ በላዩ ኮምፕረሰር (የሊሚተር ለስላሳ ወንድም)፣ በላዩ ሌላ ኢኮላይዘር፤ እንዲህ በፕሮግራሙ ላይ የሚሰካ መሣሪያ ፕለጊን ይባላል፤ አሥራ አንድ ደረደርኩ። ደግሞ የሚገርመው፣ አንዱን በጨመርኩ ቁጥር ያምራል! ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴን በመስታወት እያየሁ «አንተ ልጅ ተሰጥኦ አለህ» አልኩ። ጠዋት ተነስቼ ስሰማው የሰባት ሰው ጠብ ነበር።

ከዚያ ያ መብራት የጠፋበት እሁድ መጣ። የተባረከ መጥፋት! ላፕቶፑ ላይ የሁለት ሰዓት ባትሪ ቀርቷል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ጸጥ ብሏል፣ ማንም ወፍጮ አይነካም። ሄድፎኔን አድርጌ ያንን ታክሲ ውስጥ ከእኔ በፊት ሲጫወት የነበረውን ዘፈን፣ ገና ካልተገፋው የእኔ ዘፈን ጎን አስገባሁት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እስከዚያ ቀን ሁልጊዜ የራሴን ወደ እሱ ከፍ ለማድረግ ስታገል ኖሬ፣ ያን ዕለት የእሱን ወደ እኔ ዝቅ አደረግሁት። በድምፅ ጉልበት መለኪያ ስምንት ዴሲቤል ቀነስኩለት። ሁለቱ እኩል ሆኑ። አንዴ የእሱን አንዴ የእኔን እየቀያየርኩ ሰማሁ፤ እናም የምላችሁ ነገር እዚያው ሆነ!

ቤዙ ከእኔ ቤዝ አይበልጥም ነበር። ያንሳል! ግን ቁጥብ ነው፤ ይመታና ይሰበሰባል። የእኔው ግን እንደ ፈሰሰ ገንፎ ተንጣሎ ድምፃዊቷን እግሯን ይዟታል። ያ ብሩህ ነው ያልኩት ዘፈን ብሩህ አልነበረም፤ መሐል ላይ ጭቃ ስለሌለው ነው ያበራው። ለወራት «ምስጢራቸው ምን ይሆን?» ስል የነበረው ነገር የድምፅ ማጉያው ቁልፍ ሥር ተቀብሮ ኖሯል። ባትሪው እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ ቀያየርኩ። ሚስቴ ሻማ ይዛ ገብታ ስታየኝ እንባ አቅርሬ ነበር። እሷ የጭሱ መስሏታል፤ እንደዚያው ተውኩት።

ለካ ጩኸት ጆሮን እንደሚያታልል ሰዎች ካወቁት ቆይቷል። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች 1933 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አለ። ጆሯችን ሁሉንም ድምፅ በእኩል እንደማይሰማ፣ ይህም አለመመጣጠን እንደ ድምፁ ጉልበት እንደሚለዋወጥ አሳዩ። ድምፅ ዝቅ ሲል መጀመሪያ የሚጠፋብን ወፍራሙ ነው፤ ቀጭኑም ይደበዝዛል። ከፍ ሲል ደግሞ ሁለቱም ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ ያው ዘፈን፣ ምንም ሳይነካ፣ ትንሽ ብቻ ከፍ ቢል ቤዙ የሞላ፣ ጥራቱ የጨመረ ይመስለናል። አያችሁ? እነዚያ አሥራ አንድ ፕለጊኖች እያንዳንዳቸው ድምፁን በጥቂቱ ከፍ ያደርጉ ነበር፤ እኔም «አሳመርኩት» እያልኩ የማጨበጭበው ለጩኸት ነበር። ስፒከር የሚገዛ ሰው ፊት ሻጩ ውዱን ከፍ አድርጎ ርካሹን ዝቅ አድርጎ ቢከፍትለት ገዢው የትኛውን እንደሚመርጥ ከእንግዲህ አትጠይቁኝ።

እናም ሕግ አወጣሁ፤ በሕይወቴ ካወጣኋቸው ሕጎች የጠበቅሁት እሱን ብቻ ነው። ማንኛውም ማሻሻያ ከመሻሻሉ በፊት ከነበረው ጋር እኩል ድምፅ ላይ ካልተወዳደረ አይቆጠርም። አሥራ አንዱን ፕለጊን በዚህ ፍርድ ቤት አቀረብኳቸው። ዘጠኙ ተባረሩ። ዘጠኝ! ከተባረሩት አንዱን በብር ገዝቼው ነበር። (ሚስቴ ይህን ስታነብ የዋጋውን ነገር ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።)

የተረፉትን ሁለቱን ይዤ አዲስ ሕይወት ጀመርኩ። አሁን የምነግራችሁን ከመስማታችሁ በፊት ቁጭ በሉ፦ የሰው ጆሮ ግማሽ ዴሲቤል ይሰማል። በአንድ የድምፅ ቁልፍ ላይ ግማሽ ዴሲቤል ማለት ጣት የነካው እንኳ የማይመስል ነገር ነው። ነገር ግን ሰፋ ባለ ክልል ላይ፣ ሙሉው ዘፈን ላይ ስታደርጉት፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ይለወጣል። 280 ሄርዝ አካባቢ (የሄርዙ ቁጥር ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል) አንድ ዴሲቤል ቀነስኩ፤ ጭቃው ተጠረገና ድምፃዊቷ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። እሷን አልነካኋትም! ከፊቷ የቆመውን ነው ገለል ያደረግሁት። 3000 ሄርዝ ላይ ግማሽ ዴሲቤል ቀነስኩ፤ የክራሩ ጥፍር መቧጠጡን ትቶ መዳሰስ ጀመረ። ጓደኛዬን ጠርቼ አሰማሁት። «አዲስ ክር አላደረግሁም እኮ» አለ። አንድ ተኩል ዴሲቤል ብቻ ነው የነካሁት አልኩት፤ አላመነኝም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ደስታዬን ይዤ ወደ ታክሲ ተመለስኩ። ሌላ ሾፌር፣ ያው መንገድ። አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ፦ በሩ ተንቀጠቀጠ፣ ዳሽቦርዱ አጉረመረመ፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር ተሳፋሪው ዞር እያለ አየኝ። ቤት ውስጥ ግን ቤዙ ልክ ነበር! የሚምል ሰው ብሆን እምል ነበር።

ጥፋተኛዋ ክፍሏ ናት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሦስት ሜትር ልዩነት ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 57 ሄርዝ አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ ሄዶ ሲመለስ ከራሱ ጋር ይገጥማል፤ ግድግዳው ጋ ይነፋል፣ ክፍሉ መሐል ላይ ይጠፋል። የእኔ ወንበር የት ነበረ? መሐል! በሜትር ተለክቶ የተቀመጠ ይመስል፣ ልክ መሐል። ቤዝ በሌለበት ነጥብ ላይ ተቀምጬ ቤዝ ጎደለ እያልኩ ስጨምር ከርሜያለሁ። እናንተም ሞክሩት፤ ወፍራም ድምፅ ክፈቱና ከክፍሉ መሐል ወደ ጥግ ተራመዱ። እኔ ያን ዕለት ማታ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከመሐል ወደ ጥግ፣ ከጥግ ወደ መሐል እንደ ሱባኤ ገቢ ተመላለስኩ።

በነገራችን ላይ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁ ካላችሁ፣ እኔም ለጥፌያለሁ፣ አንሱት። ለወፍራሙ ድምፅ ምንም አይሠራም፤ ያስለቀሰኝ የእንቁላሉ ሽታ ብቻ ነው። ቤዝ የሚይዘው ውፍረት ነው። ከባለቤቴ አክስት ያስመጣሁትን የድሮ የጥጥ ፍራሽ ጥቅልል አድርጌ ሁለቱ ጥጎች ላይ አቆምኩ፣ ወንበሬን ከፊት ግድግዳ ሜትር ከአሥራ አምስት ገደማ አስጠጋሁ፤ ባለሙያዎች ከክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ላይ ጀምር ይላሉ። ክፍሏ አሁን የፍራሽ መጋዘን ትመስላለች። ድምፁን ግን ብትሰሙት!

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። ስለ ስልክ ስፒከር ላውራችሁ። የሕዝባችንን ጆሮ የያዘው እሱ ነው፤ ዘፈናችሁን ብዙው ሰው የሚሰማው በትልቅ ስፒከር ሳይሆን ሽሮው አጠገብ በተቀመጠ ስልክ ነው። ያ ስፒከር ደግሞ ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። የቤዙ ዋና ድምፅ ያለው ከዚያ በታች ነው። ታዲያ ቤዙን እንዴት ታሰሙታላችሁ? ከፍ ብታደርጉት ስልኩ ይንጫጫል እንጂ ቤዝ አይወጣም። መልሱ ሳቹሬሽን ነው፦ ለድምፁ በጣም ትንሽ ሻካራነት ትሰጡታላችሁ። ሻካራነቱ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች አጃቢ ድምፆችን ይወልዳል። ዋናው 100 ሄርዝ ከሆነ ልጆቹ 200፣ 300፣ 400 ላይ ይቆማሉ። ስልኩ ልጆቹን ያሰማል፤ አንጎላችንም ልጆቹን አይቶ አባትየውን ይገምታል፤ 100 ሄርዝ በሌለበት 100 ሄርዝ ይሰማል!

ይህን ባነበብኩበት ሌሊት ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ምክንያቱም ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ሁላችንም እናውቀዋለን። በገና! አሥር ጅማት ያለው፣ በጾም ወራት የሚደረደረው በገና፣ ያ የንብ ቀፎ የሚመስል ነዛሪ ድምፁ ከየት ይመጣል? ከእንዚራው ነው። በእያንዳንዱ ጅማትና በብርኩማው መካከል የምትሸጎጥ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ ጅማቱ ሲንቀጠቀጥ እየነካካት ይነዝራል። ደርዳሪው ቁጭ ብሎ እንዚራዋን በጣቱ ወደፊት ወደኋላ እያለ ልኳን ሲፈልግ አይታችሁ ይሆናል፤ ትንሽ ካለፈች ጅማቱ ይደነቁራል፣ ትንሽ ከቀረች ይረብሻል። ያ ሰው ምን እየሠራ ነው? ሳቹሬሽን እያስተካከለ ነው! የጅማቱን ወፍራም ድምፅ አጃቢዎች እየወለደለት፣ ዝግ ብሎ የሚነገረው መዝሙር ደካማ ጆሮ ላይ እንኳ እንዲደርስ እያደረገ ነው። እኔ ለፕለጊን ብር ከፍዬ የፈለግሁትን አባቶቼ በቁራጭ ቆዳ ሲሠሩት ኖረዋል። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ እንዚራ ነው ያወራሁት። ባንክ ወረፋ ላይ ሳይቀር።

ያው የስልክ ስፒከር ግን አንዴ አሳፍሮኛል። ድምፅን ወደ ግራና ቀኝ የሚያሰፋ መሣሪያ አግኝቼ ክራሩን ክፍሉን እስኪሞላ ዘረጋሁት። በሄድፎን ስሰማው ክራር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ለእናቴ በስልክ ላኩላት። «ቆንጆ ነው፤ ክራሩ ግን መቼ ይገባል?» አለች። የማስፋቱ ዘዴ ግራውን የቀኙ ግልባጭ እያደረገ ኖሯል፤ ስልኳ ሁለቱን በአንድ ስፒከር ላይ ሲደምራቸው ተጣፉ፤ ሲደመር አንድና ሲቀነስ አንድ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ነበር አይደል? ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ሥራ በሞኖ ሳልሰማ አልልክም፤ ማስፊያውንም ለጠላቴ አልመክረውም።

ስለ ጩኸት ደግሞ ሌላ የምሥራች አለኝ። ዘፈንን ከሌላው አስበልጦ የማስጮህ ፉክክር ዓለምን ለዓመታት ሲያምስ ኖሯል። 2008 እ.ኤ.አ. የሮክ ባንዱ የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» ሲወጣ አልበሙ ከመደፍጠጡ የተነሣ እየተንጫጫ፣ ያው ሙዚቃ «ጊታር ሂሮ» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ግን ሳይደፈጠጥ ስለገባ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ሺዎች አልበሙ እንደገና ማስተር ይደረግ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ለጨዋታ የተሰጠው ከሲዲው በለጠ ማለት ነው! ዛሬ ግን ዳኛ አለ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት 2006 እ.ኤ.አ. የድምፅን ጉልበት እንደ ጆሮ የሚለካ መስፈርት አወጣ፤ ልኬቱ በባለሙያዎች አፍ ሉፍስ ይባላል። ስፖቲፋይ ሁሉንም ወደ 14 ከዜሮ በታች ያመጣል፤ ዩቲዩብም እዚያው አካባቢ ነው፣ የጮኸውን ይቀንሳል፣ ዝግ ያለውን ግን አያነሳም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል? ያንን አሥራ አንድ ፕለጊን የደረደርኩበትን ዘፈን በነፃ መለኪያ ስለካው 7 ከዜሮ በታች ላይ ነበር። ዩቲዩብ ሰባት ዴሲቤል ይቀንስለታል። የቀረው ምንድን ነው? ድፍጠጣው ብቻ! ጩኸቱ ተወስዶ ቁስሉ ቀረ። አዲሱ ሥራዬ 13 ከዜሮ በታች ላይ፣ የጫፍ ጣሪያው አንድ ዴሲቤል ዝቅ ብሎ፣ ከበሮው ሳይነካ ወጣ። ሁለቱን እዚያው ጎን ለጎን ሰማኋቸው። ዝግ ያለው ከበሮ ደረት ይመታል፤ የጮኸው ካርቶን ነው። የሚያስቅ ፍትሕ ነው።

አንዴ ጆሮዬ ከተከፈተ ወዲህ የድሮ ሙዚቃችንን እንኳ እንደ በፊቱ መስማት አልቻልኩም። አምሃ እሸቴ 1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሬከርድስን መሥርቶ እነዚያን ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ሲያወጣ፣ ማስተሪንግ ማለት መርፌ ነበር። ቤዙ ሲበዛ የሸክላው ቦይ ይሰፋል፣ ቦታ ይጨርሳል፤ ግራና ቀኙ ወፍራም ድምፅ ላይ ከተለያየ የአጫዋቹ መርፌ ይዘላል፤ ወደ መሐል እየተጠጋ ሲሄድ ደግሞ የቦዩ ዙር ስለሚያጥር ቀጭኑ ድምፅ ይደክማል። ቆራጩ ሰው ይህን ሁሉ እያሰበ ነበር የሚቆርጠው። ያ ጠንከር፣ ጠበብ ያለ ቤዝ፣ ያ መሐል ላይ የቆመ ሳክስፎን፣ «የድሮ ዘፈን ጣዕም» የምንለው ነገር፣ ከፊሉ የመርፌ ፍርሃት ነው! ዱሮ አባቴ ሸክላ መጨረሻው ላይ ይደበዝዛል ሲል እርጅናው መስሎኝ ነበር።

ለእንደኔ ዓይነቱ የጓዳ ቀጂ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያጽናናው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገር ነው። ከ1977 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ፣ ቤተሰባቸው ቤት፣ ፒያኖ እየመቱ በአማርኛ ያዜሙትን በተራ ካሴት ቀድተው አስቀምጠውት ኖረዋል። እሳቸው ባረፉ በዓመቱ፣ 2024 እ.ኤ.አ. «ሱቬኒርስ» ተብሎ ወጣ። ስሙት፤ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። እንደ ጀማሪነቴ ጊዜ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያ ሥራዬ እነዚያን ወፎች ማጥፋት ነበር! የካሴቱን ሽውታ በመሣሪያ ባጸዳሁት፣ ከሽውታው ጋር ወፎቹን፣ ከወፎቹ ጋር ከሰዓት በኋላውን በወሰድኩት። ያ ፋይል እጁ የገባው ሰው የት ላይ እጁን እንደሚሰበስብ አውቋል። ኃይሉ መርጊያም 1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ የሠራት «ሸሞንሟናዬ» በካሴት ኖራ 2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ስትታተም ዓለም ጉድ አለ፤ ያቺንም ከዚያ ወዲህ ስሰማ የምሰማው ያልተነካውን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ይህቺን ሳልናገር ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዲዘር! የምንቀዳው በ24 ቢት ነው፤ ይህም ለድምፅ ጉልበት 16,777,216 ደረጃ ይሰጣል። ሲዲ ግን 16 ቢት ነው፤ 65,536 ደረጃ። ሲቀየር የክራሩ የመጨረሻ ጭራ፣ ያ እየከሰመ የሚሄደው፣ ደረጃ ሲያጣ እየተቆራረጠ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። መድኃኒቱ ምን ይመስላችኋል? ሽውታ መጨመር! ሆን ብሎ፣ በጣም ትንሽ፣ የዘፈቀደ ሽውታ ይረጩበታል፤ ያኔ ጭራው ሳይቆረጥ እስከ መጨረሻው ይከስማል፤ ከመጨረሻው ደረጃ በታች ያለው እንኳ ይሰማል። አንብቤ አላመንኩም። እናቴን ጠይቄ ሳይሆን እናቴን እያየሁ ገባኝ፦ ዱቄት ስትነፋ ነበር። ወንፊቱን ዝም ብላ ብትይዘው አንዲት ፍሬ አታልፍም፤ ነቅነቅ ስታደርገው ይወርዳል። ሽውታው ንቅናቄው ነው። ጎኗ ተቀምጬ «ዲዘር፣ ዲዘር» ስል «ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

በእርግጥ ሁሉን ራስህ ቀድተህ ራስህ ሚክስ አድርገህ ራስህ ማስተር ስታደርግ አንድ ነገር ይጎድልሃል፤ የሌላ ሰው ጆሮ። ከቤት ያልወጣ ልጅ የቤቱን ሽታ አያውቅም። ለዚህ ያገኘሁት መላ ከጓደኛዬ ጓደኛ ጋር መለዋወጥ ነው፤ እሱ የእኔን፣ እኔ የእሱን። ኮምፒውተር በራሱ የሚሠራልን አገልግሎትም ሞክሬያለሁ፤ ወጡን ያወጣል፣ ክፉ አይደለም፣ ግን መብላቱን እንጂ ማብሰሉን አልተማርኩበትም። መማር የፈለገ ሰው የቦብ ካትዝን «ማስተሪንግ ኦዲዮ» ይፈልግ፤ 2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ እኔ ከግማሹ አላለፍኩም፣ ግማሹም እንቅልፍ ነስቶኛል። ድምፅ ደግሞ ዝቅ አድርጋችሁ ሥሩ። 85 ዴሲቤል ላይ በቀን ስምንት ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጆሮ መለዋወጫ የለውም።

በሉ ልሂድ። ጓደኛዬ ዛሬ ክራሩን ትቶ የአጎቱን በገና ይዞ ይመጣል፤ ደረጃው ላይ ሲያለከልክ እየሰማሁት ነው። ፍሪጁን መንቀል አለብኝ፤ የመብራታችን 50 ሄርዝና እጥፉ 100 ልክ የበገናው ወፍራም ጅማቶች ሰፈር ላይ ነው የሚያጉረመርሙት። ባለፈው ነቅዬ ረስቼው ሥጋው ተበላሽቶ ሦስት ቀን ተኮርፌያለሁ። አሁን ዘዴ አለኝ፦ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ፣ ከቅቤው ጎን አስቀምጣለሁ። ጓደኛዬን ለመሸኘት ቁልፍ ስፈልግ ፍሪጁን እከፍታለሁ፣ ሙቀቱ ያስታውሰኛል። መጣ፣ አንኳኳ። ወይ ጉድ፣ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ፍሪጅ ውስጥ ነው።